ዘጠና ቁንጥር

ሐሙስ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ለባሌ አንድ ነገር ልነግረው ቆርጬ ነበር። እሑድ እህቱ ገዲሴ ከወሊሶ መጥታ ልትወስደው ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ለገዲሴ «እስኪሻለው» ብያታለሁ፤ እስኪሻለው ማለት ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት እንደሆነ እሷም አልጠየቀችኝ፣ እኔም አልነገርኳት። ኢሉ ከዚህ ሁሉ አንዷንም አያውቅም። ነገሩን በስልክ የጨረስነው እኔና እሷ ነን፤ የሚሄደው ሰው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እኔን ይጠብቃል።

ኢሉን ስትሮክ የመታው በጥቅምት ነው፤ አሁን ሰኔ ገብቷል። ቀኝ እጁ ከነጭራሹ እምቢ አለ፣ ቀኝ እግሩ ይጎተታል፣ አንድ ቃል ለማውጣት ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ያምጣል። ልጅ አልወለድንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ልጆቻችሁስ የት አሉ?» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። እኔ ነፋስ ስልክ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል እሠራለሁ። ማታ ገብቼ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፤ ታክሲ ተጋፍቼ መካኒሳ አቦ ቤቴ ስደርስ አንድ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ኢሉን ማንሳት፣ ሽንት ቤት ማድረስ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ከስቶም ከእኔ ይከብዳል። ሌሊት ሌሊት ጎረቤታችን ሙፊዳ ጆሮዋን ትጥልልኛለች፤ ቀኑ ግን የእኔ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ከተኛሁ ተመስገን ነው።

ባለፈው ሳምንት መስመሩ ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ማሸጊያው ጣቶቼን ሊበላ ሲል አጠገቤ የምትሠራው ሴት ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ለገዲሴ የደወልኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት፣ ገና ከፋብሪካው በር ሳልርቅ ነው። መጥፎ ሚስት ነኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ሌላ ሰው ደግሞ አይጠይቀኝ።

ታዲያ በዚያው ሐሙስ ቢራ መጥመቅ ምን ይሉታል? ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሉ ከመታመሙ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠማቂ ነበር። በፋሲካ የድሮ ባልደረባው ክርስቲያን ሊጠይቀው ሲመጣ በላስቲክ የታሸገ አንድ ነገር ይዞለት መጣ። ውስጡ አረንጓዴ፣ የዶሮ መኖ የሚመስል ፍሬ ነው። እነሱ ሆፕስ ይሉታል፤ ለእኔ የፈረንጅ ጌሾ ነው፣ ሥራውም ያው ማምረር ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት በገባሁ ቁጥር ኢሉ «አንዴ... ብቻ» ይለኛል። አንዴ ብቻ እቤት እንጥመቅ ማለቱ ነው። እኔም ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሁለት ወር አሻገርኩት። ከገዲሴ ጋር ቀን ከቆረጥን በኋላ ግን በማግሥቱ «እሺ» አልኩት። የፋሲካ በግ በመጨረሻው ሳምንት ጥሩ ሣር ያገኛል፤ የእኔም እሺታ ከዚያ አይሻልም ነበር።

ብቅሉን ገዝቼ ወፍጮ ቤት አስከክቼ አስቀምጬ ነበር። ያን ጠዋት ኢሉን አንስቼ ቁርሱን ካበላሁት በኋላ ብቅሉን በሙቅ ውኃ ዘፈዘፍኩት፤ እንዳይበርድም ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ በግራ እጁ ጣት ያዝዘኛል። ጣቱ ከፍ ካለ ጨምሪ፣ ዝቅ ካለ ተዪ ነው። አንድ ሰዓት ቆይቶ በነጭ ሻሽ አጠለልኩት። የወጣው ቡናማ፣ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ገና ጌሾ ያልነካው፣ ማንንም የማያሰክር። ጠላ ሲጠመቅ እያየሁ ስላደግሁ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ባዳ አልሆነብኝም።

ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ትልቁን ድስት ሲሊንደር ላይ ጣድኩት። ከዚያ የኢሉን ክንድ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እያረፍን እያረፍን ወሰድኩትና ከድስቱ አራት እርምጃ ራቅ አድርጌ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ሰዓት ሆኗል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ጊዜ ተኝቻለሁ።

ድስቱ መፍላት ሲጀምር «በል፣ የታለ ሆፕስህ? ልጣለውና ይለቅልን» አልኩት። እናቴ ጌሾ ስትጥል በእፍኝ ነበር፤ ጣለችው፣ አለቀ።

«አልጋ... ሥር» አለኝ።

ገብቼ ጎንበስ ብል በጋዜጣ የተሸፈኑ ሦስት የእንቁላል ካርቶኖች አገኘሁ፤ ባለ ሠላሳዎቹ። እንቁላሉ በሚቀመጥበት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አራት ፍሬ ሆፕስ አለ። አራት፣ አራት፣ አራት፤ አንድም የተዛነፈ የለም። ሦስት ጊዜ ሠላሳ፣ ዘጠና ጉድጓድ። እኔ ሌሊት ብስኩት ሳሽግ እሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ፣ ያውም በግራው፣ ይህን ሲቆጥር አድሯል። ካርቶኖቹን ያመጣችለት ሙፊዳ መሆን አለባት፤ ለእኔ ግን አልነገረችኝም። ምስጢር የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው።

ካርቶኖቹን ይዤ ወጣሁ። «ይሄ ምንድነው?»

«በደቂቃ... አንድ» አለኝ።

«አንድ ምን?»

«አንድ ቁንጥር። ዘጠና... ደቂቃ።»

«ዘጠና ደቂቃ? እዚህ ገትረኸኝ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት። «አንተ ደግሞ ካርቶኑን ልታስኬደው ነው።»

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሳቁ በፊቱ ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቢሆንም ሳቅ ነው፤ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረው እግሬ አሁንም ሊቆም ነው። «ሁሉንም አንድ ላይ ባፈስሰውስ ማን ያየኛል?» የሚል ሐሳብ መጣልኝ። እሱ ያየኛል። አራት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ከእኔ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም።

ጀመርን። ኢሉ የእጅ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ደቂቃው በሞላ ቁጥር በማንኪያ የወንበሩን ክንድ ይመታል። ቋ! አራት ፍሬ አነሳለሁ፣ እጥላለሁ። የመጀመሪያው ሲገባ አረፋው ተነስቶ ድስቱ ሊገነፍል ነበር፤ «እሳቱን!» ብሎ ጮኸ፤ ያቺ ቃል ያለ ምጥ ነው የወጣችለት። እሳቱን ቀነስኩ። አረፋው ወረደ። የታጨደ ሣርና የሎሚ ልጣጭ የሚመስል ሽታ ጥላውን ሞላው። ኢሉ ዓይኑን ጨፍኖ በአፍንጫው ሳበው፤ እኔም ትንሽ ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልፈልግም።

ቋ! አንድ። ቋ! አንድ።

ፋብሪካ መስመር ላይ በደቂቃ ስልሳ ፓኬት ያልፋል። እዚህ በደቂቃ አንድ ቁንጥር ነው። ሲያዩት ዕረፍት ይመስላል፤ አይደለም። የሚፈጥን ሥራ ቢያንስ እንቅልፍ ያባርራል። ይሄኛው በሁለት ቁንጥር መካከል ስልሳ ሴኮንድ ይሰጣል፤ ሌሊቱን ላልተኛ ሰው ስልሳ ሴኮንድ አልጋ ነው።

አምስተኛው ላይ ልነግረው አሰብኩ። «ኢሉ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ዝናብ ይመጣ ይሆን?» አልኩ።

ወደ ሰማይ ተመለከተና ትከሻውን ነቀነቀ፤ አንደኛውን ትከሻ። አሥራ ሁለተኛው ላይ እንደገና አፌን ከፈትኩ፤ አሁንም ስለ ዝናቡ ሆነ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እሱ የጠጡት ብቅል ነው እንጂ የጣዱት አይደለም፤ የእኔ ሆድ ድስቱ ሥር ቆሞም ጭጭ አለ።

ወደ ሃያኛው አካባቢ ኢሉ ራሱ መናገር ጀመረ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ቁንጥር ይፈጅበታል፤ እኔም እየጣልኩ እጠብቀዋለሁ። የነገረኝ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሆፕስ የሚጥለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፦ ሲጀመር፣ መሃል ላይ፣ ሊያልቅ ሲል። ኢሉ ገና አዲስ ገብ ሳለ ዋናውን ጠማቂ «በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ብንጥልስ? መራራው ምላስ ላይ ባልጮኸ ነበር» ብሎ ጠየቀው። ዋናው ጠማቂ በሰው ፊት ሳቀበት። «ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ድስት ሥር የሚቆም ሥራ ፈት ከየት ላምጣልህ?» አለው። ኢሉም ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሆፕሱን ሦስት ጊዜ እየጣለ፣ ሌላውን መንገድ በልቡ ይዞ ኖረ።

ከእሱ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ሰምቼ አላውቅም።

«ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?» አልኩት።

«ስገባ... ትወጫለሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው። እሱ ቀን ሲገባ እኔ ማታ፣ እሱ ማታ ሲገባ እኔ ቀን፤ ትዳራችን በር ላይ ነበር። ከታመመ ወዲህ ደግሞ በልተሃል ወይ፣ ሽንትህ መጥቷል ወይ፣ ያምሃል ወይ ከማለት አልፈን አናውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ተሸክሜው ይህን ያህል አውርቶልኝ አያውቅም፤ አሁን ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው አፉ ተፈታ። አንጀቴን በላኝ። ተናደድኩም። ደህና ወሬ ካለህ ቀደም ብለህ ጀምር እንጂ ሰው ከቆረጠ በኋላ ነው?

አርባኛው ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። የጥላውን ቋሚ እንጨት ተደግፌ ቆሜያለሁ። አንደኛው ካርቶን አልቆ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። እንፋሎቱ ፊቴን ያሞቀዋል፣ ማንኪያው ይመታል፣ እጄ ራሱ ሄዶ ይጥላል። ሠላሳ ስምንተኛውን መጣሌን አስታውሳለሁ። ሠላሳ ዘጠነኛውን አላስታውስም።

የነቃሁት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ነው። ተቀምጫለሁ። የተቀመጥኩት ደግሞ ኢሉ ወንበር ላይ ነው። «ወድቋል!» አልኩ በሆዴ። በየካቲት ሽንት ቤቱ በር ላይ ወድቆ ግንባሩ ከተፈነከተ ወዲህ ያለ እኔ ትከሻ ቆሞ አያውቅም፤ እንቅስቃሴ የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ብትለምነውም ፈርቶ እምቢ አላት። መሬቱን ፈለግሁ። ሲሚንቶው ላይ የለም። ከዚያ ቀና አልኩ።

ኢሉ ድስቱ ሥር ቆሟል። እንጨቱን በደረቱ ተደግፏል። ግራ እጁ ከካርቶኑ አራት ፍሬ ያነሳል፣ ድስቱ ውስጥ ይጥላል፣ ቶሎ ተመልሶ እንጨቱን ያቅፋል። ሰዓቱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦታል። የእጁ ጀርባ ፍንጣሪ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ቀልቷል። ወንበሩ ከነበረበት እስከ ድስቱ ድረስ ቀኝ ነጠላ ጫማው የተጎተተበት መስመር ይታያል። ሦስተኛው ካርቶን ላይ አሥራ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የቀረው። አርባ ደቂቃ ተኝቻለሁ፤ አርባ ደቂቃ ቆሟል።

ጥሩ ሚስት ብሆን እዚህ ላይ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም። ደሜ ፈላ።

«መቆም ትችላለህ?» አልኩት። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። «ስምንት ወር ሙሉ ተሸክሜህ፣ ወገቤ ተቆርጦ... መቆም ትችላለህ?»

«አልችልም» አለኝ ዞር ሳይል።

«ይኸው ቆመሃል አይደል!»

«ልትወድቂ... ነበር። እሳቱ... ላይ።»

ቀስ እያለ ነገረኝ። ማንኪያውን መታ፤ አልሰማሁም። ጠራኝ፤ አልሰማሁም። እንጨቱን ለቅቄ ወደ ድስቱ እያዘነበልኩ ነበር። ወንበሩን ይዞ ተነሳና እንደ ምርኩዝ እየገፋው መጥቶ ከጉልበቴ በስተኋላ አስገባልኝ፤ እኔም እንደ ጆንያ ዘፍ አልኩ። ወንበሩን ለእኔ ከሰጠ በኋላ እሱ የሚቀመጥበት አልነበረውም። እንጨቱን አቀፈና ቆሞ ቀረ፤ ከቆመ ደግሞ ሥራው ሊበላሽ ነውና ሆፕሱን ቀጠለ።

ይህን ሁሉ እየሰማሁ ንዴቴ አልበረደም። ንዴት ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ሆድ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው።

«እሑድ ገዲሴ መጥታ ትወስድሃለች» አልኩት።

እንዲህ ነው የነገርኩት። ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ለስላሳ ንግግር ነበረኝ። የወሊሶ አየር ይስማማሃል፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ እኔም በየሳምንቱ እመጣለሁ የሚል። አንዱም አልወጣ። «ከሷ ጋር ጨርሰናል። ደክሞኛል ኢሉ፤ በቃኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

ኢሉ ሰዓቱን አየ። አራት ፍሬ አነሳ። ጣለ። እንጨቱን መልሶ አቀፈ።

«አሥር... ቀረ» አለኝ።

ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሱሪው ነፋስ እንደመታው ይርገበገባል። ተነስቼ በብብቱ ሥር ገባሁና ትከሻዬን ሰጠሁት። ወንበሩን ሳብኩለት፤ «ተቀመጥ፣ እኔ እጥለዋለሁ» አልኩት። እምቢ አለ። እንደዚያው ቆመን ቀጠልን፤ እሱ እየጣለ፣ እኔ እየደገፍኩት። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ እየወረደ ጀርባዬን ያረጥበዋል። ልቡ ጎኔ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ይለምነኛል ብዬም ፈራሁ። አንዱንም አላደረገም፤ የመጨረሻውን ቁንጥር ጥሎ ባዶውን ካርቶን መሬት ላይ ለቀቀው። እሳቱን አጠፋሁ።

ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው ሁለታችንም እናለከልክ ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለገዲሴ ደወልኩ።

«ገዲሴ፣ የእሑዱን ተዪው» አልኳት።

«ምነው ፀሐዬ? ምን ተፈጠረ?» አለች። «ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀብቼ ጨረስኩ። ባለቤቴም ሚኒባሱን ለእሑድ ከሥራ አስወጥቷል።»

«ምንም አልተፈጠረም። ዛሬ ቆመ። በራሱ እግር ቆመ። ይሻለዋል መሰለኝ፣ እኔው እይዘዋለሁ።» የመጨረሻዋን ቃል ሳልጨርስ ለቅሶዬ መጣ፤ ሰዓቱን ጠብቆ ሳይሆን ዘግይቶ። «አትምጪ። ተሳስቼ ነው።»

ኢሉ እጁን ዘረጋ። ከታመመ ጀምሮ በስልክ አውርቶ አያውቅም። ሲደወልለት ፊቱን ያዞራል፤ ምላሱ ያሳፍረዋል። ምን ሊል ነው ብዬ እያሰብኩ ስልኩን ሰጠሁት። ወደ አፉ አስጠጋው። አማርኛው ያስምጠዋል፤ በእናቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ግን ቃሉ ሳይታገለው ወጣ።

«ገዲሴ» አለ። «ኮቱ።»

ነይ ማለቱ ነው። ከወዲያ በኩል ገዲሴ የወንድሟን ድምፅ ስትሰማ «ዋዪ!» ብላ ጮኸች፤ ቀጥላ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ኢሉ ስልኩን ዘግቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ለምን እንዲህ ትላለህ?» አልኩት። «ተናድጄ ነው የተናገርኩት። አልፈልግም፣ አትሄድም።»

«ተኝተሽ... አየሁሽ» አለኝ። «አርባ... ደቂቃ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አርጅተሻል... ፀሐይ።»

ስድብ አልነበረም። በስምንት ወር ውስጥ ፊቴን ደህና አድርጎ ያየው ዛሬ ነው፤ ሌላ ጊዜ እኔ ወዲያ ወዲህ ስል እሱ ጀርባዬን ነው የሚያየው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በግራ እጁ አውራ ጣት ከጉንጬ ላይ የሆነ ነገር ጠረገ፤ እንባ ይሁን ዝናብ አላወቅሁም።

«ሂጂ... ተኚ» አለኝ።

«አንተን ላስገባህ መጀመሪያ።»

«ድስቱን... ልጠብቅ።»

እርሾው የሚገባው ፈሳሹ ጨርሶ ሲበርድ፣ ወደ ማታ ነው። ድስቱን ከደንኩት። ወንበሩን ዝናቡ ወደማይደርስበት፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስጠጋሁለት። ያንን ብቅሉን የጠቀለልኩበትን ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጌ «ከፈለግኸኝ ጥራኝ» አልኩትና ገባሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ላይ ወደቅሁ።

ስነቃ አሥር ሰዓት ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ሳልባንን፣ «ፀሐይ» የሚል ድምፅ ሳይቀሰቅሰኝ። ጣራውን እያየሁ ትንሽ ቆየሁ። ራሴን አላመመኝም። ዓይኔ አልቆጠቆጠኝም። ሰውነቴ የእኔ ሆኖ ተሰማኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከእሑድ በኋላ በየቀኑ እንዲህ ነው የምተኛው ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም አላፈርኩም። ተነሳሁ፤ ፊቴን ታጥቤ ሻይ ልጥድለት እያልኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዝናቡ አባርቷል። ኢሉ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ብርድ ልብሱን በግራ እጁ ጭኑ ላይ ጨምድዶ ይዞታል።

«በረደህ እንዴ?» አልኩት። ብርድ ልብሱን ላስተካክልለት ስይዘው አልለቅም አለ። ሳብ አደረግሁት። እሱም ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ለቀቀው።

ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ወንበሩ ሥር ያለው ሲሚንቶም እንደዚያው። ጠርዙ ደርቋል፣ መሃሉ አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ኢሉ በዚህ ነገር ኩሩ ነው። ሌሊት እንኳ የሽንት ጠርሙሱን ራሱ ይዞ ይጠቀማል፤ ቀን ከሆነ ይጠራኛል፤ እስክደርስለት ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ እያለ ይጠብቀኛል እንጂ በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። እኔ የተኛሁበት አልጋ ደግሞ ከራሱ በላይ ባለው መስኮት በኩል ሁለት ክንድ አይርቅም። በሹክሹክታ ቢጠራኝ እሰማው ነበር።

«ለምን አልጠራኸኝም?» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ተኝተሽ ነበር» አለኝ።

ውኃ አሞቅሁ። እዚያው ጓሮ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ አጠብኩት። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ሐሙስ ነበር፤ ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነበር የቀሩን።